ድንኳን ተተክሎለት የታየ የልጆች ኳስ

ለቅሶ ላይ ፍራሽ ይዛ የተቀመጠች ሴት ለሚነገራት ሁሉ «አሜን» ትላለች። ሌላ መልስ አይጠበቅባትም። «እግዜር ያጥናሽ» ሲሏት አሜን፤ «ነፍሱን በገነት ያኑርልሽ» ሲሏት አሜን፤ «እባክሽ እህል ቅመሺ» ሲሏት እንኳ አሜን። እኔም በባለቤቴ ሠልስት ከጧት እስከ ማታ አሜን ስል ዋልኩ። ከነዚያ ሁሉ አሜኖች መካከል አንዷ ናት ጉድ የሠራችኝ።

የእድራችን ዳኛ አቶ ወልዴ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙና ስለ ሟች ተናገሩ። ሟች የቀጨኔን ልጆች ሰብስቦ ኳስ ሲያሠለጥን መኖሩን፣ በአንድም ልጅ ላይ እጁንም አፉንም አለማንሳቱን ተናገሩ። እውነት ነው። ቀጠሉና፣ «ይህ የልጆች ቡድን እንዳይበተን፣ ባለቤታቸው ተረክበው እንዲይዙልን አምላክ ብርታቱን ይስጥልን» አሉ። ሰማሁ ወይ? ሰምቻለሁ። ግን ሰው ለቅሶ ላይ የሚሰማው ዝናብ እንደሚሰማ ነው፤ መዝነቡን ያውቃል፣ ምን እያለ እንደሚዘንብ አይጠይቅም። «አሜን» አልኩ። ድንኳኑም ከዳር እስከ ዳር «አሜን» አለ።

በቃ፣ አሠልጣኝ ሆንኩ። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ሹመት ይግባኝ ይባልበታል። ድንኳን ሙሉ ሰው አሜን ያለበት ሹመት ግን ወዴት ተሂዶ ይግባኝ ይባልበታል?

እኔ በዕድሜዬ ኳስ የነካሁት ከጎረቤት ግቢ ዘሎ በሰጣሁት ልብስ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው። ያውም በመጥረጊያ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆኜ ስለሠራሁ የሩጫ ልምዴ ከወንበር እስከ መስኮት ነው። ልቅር ብል ደግሞ ቅዳሜ ነበረብኝ። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጭቃውን ይዞ ይገባ ነበር፤ እኔም ወለሉን እያየሁ እነተርከው ነበር። አሁን ወለሉ ንጹሕ ነው። ንጹሕ ወለል እንዲህ እንደሚያስጠላ ማን ነገረኝ? ስለዚህ አርባው ወጥቶ በመጣው የመጀመሪያ ቅዳሜ ጥቁር ልብሴን እንደ ለበስኩ፣ ነጠላዬን እንደ ዘቀዘቅኩ፣ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ሜዳው ወረድኩ።

ሜዳ የምንለው በአክብሮት ነው እንጂ ቁልቁለት ነው። ከላይ ወደ ታች የሚያጠቃ ቡድን ኳሷን መንካት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ቀሪውን ቀጨኔ ራሷ ትጨርስለታለች። ከታች ወደ ላይ የሚያጠቃው ደግሞ ገና ኳስ ሳይነካ ይደክመዋል። ከታችኛው ጎል ጀርባ ወንዝ አለ። መረብ ስለሌለን የገባ ኳስ ሁሉ የሚገኘው ወንዙ ዳር ነው።

ከሜዳውም የከፉ ግን አባቶች ናቸው።

ቅዳሜ ጧት የሜዳውን ጠርዝ ይዘው የሚቆሙትን አባቶች ያላየ ሰው ድፍረት ምን እንደሆነ አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ አለቃ ፊት እጃቸውን አጣምረው የሚቆሙ፣ ወረፋ ላይ የሚገፋቸውን ሰው «ይቅርታ» የሚሉ፣ ሚስታቸው ስትደውል ስልኩን በሁለት እጅ የሚይዙ ሰዎች፣ ቅዳሜ ሲደርስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ አንበሳ ይሆናሉ። «አንተ ደደብ፣ አቀብል እንጂ!» ይላል አንዱ። «አታቀብል፣ ራስህ ግባ!» ይላል ሌላው፣ ለዚያው ልጅ። ልጁ መሃል ቆሞ ሁለቱን ያያል። ኳሷ ጥላው ትሄዳለች። ያን ጊዜ ሁለቱም ይስማማሉ፤ «አላልኩም? ደደብ ነው!»

የሁሉም አውራ ታምራት ነው። ታምራት የበርና የመስኮት ብረት በያጅ ሲሆን፣ በመፍጫው ማሽን ጩኸት ውስጥ ሲነጋገር ስለሚውል ሹክሹክታው እንኳ ጳውሎስ ሆስፒታል የተኛ በሽተኛ ይቀሰቅሳል። ልጁ ናሆም በረኛችን ነው። «አንተ ገንፎ! እጅህን ምን ነካው? ገንፎ!» ይለዋል። ናሆም ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። አንድ ልማድ አለው፤ ኳስ ወደ እሱ ስትመጣ ኳሷን አያይም፣ አባቱን ነው የሚያየው። ኳስን ሳያዩ መያዝ ለጻድቃን ካልሆነ በቀር ስለማይቻል ጎል ይገባል። ጎል ሲገባ ይሰደባል። ሲሰደብ በሚቀጥለው ጊዜ አባቱን ይበልጥ ያያል። ይህን ለመረዳት ኳስ ማወቅ አያስፈልግም፤ ዓይን ያለው ሰው ይበቃል። ታምራትን ግን ብየዳው ዓይኑንም ሳይነካው አልቀረም።

የእኔም አጀማመር የሚያኮራ አልነበረም። ባለቤቴ ልጅ እንደማይሰድብ ስለማውቅ ሥራው የቀለለ መሰለኝ። አለመስደብ ነው፣ ከዚያ ማሞገስ ነው፣ አለቀ። ስለዚህ ሜዳው ዳር ቆሜ «ጎበዝ!» ማለት ጀመርኩ። ኳስ የሳተውን ጎበዝ፣ የወደቀውን ጎበዝ፣ የጫማውን ማሰሪያ የሚያስረውን ጎበዝ። የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«እትዬ፣ እኔን ለምንድን ነው ጎበዝ ያሉኝ? እኔ እኮ ዝም ብዬ ቆሜ ነው።»

«አቋቋምሽ ነው» አልኩ።

ወደ ጓደኞቿ ተመለሰችና፣ «እትዬ ኳስ አያዩም፤ ዝም ብለው ነው የሚሉት» ብላ አስታወቀች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጎበዝ የሚለው ቃሌ ዋጋ አጣ።

እውነቷን ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ስህተት ስለቅም የኖርኩ ሴት ነኝ። ለአራሚ ትክክል የሆነ መስመር የሌለ መስመር ነው፤ ዓይኗ ዘሎት ያልፋል። ልጆቹ ደህና ነገር ሲሠሩ ለማየት ዓይኔ አልተማረም። ባለቤቴ እራት ላይ፣ እኔ ሳላዳምጠው፣ «ልጅን ያደረገውን ንገሪው፤ የጎደለውን ኳሷ ራሷ ትነግረዋለች» ይል ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ ነው ያዳመጥኩት። ለሰው ንግግር እንደዚህ ዘግይቶ የሚደርስ ጆሮ ምን ይባላል?

እናም እንደ ጀማሪ አንባቢ ቀስ ብዬ ማየት ጀመርኩ። «ጓደኛህ ብቻውን መሆኑን አይተህ ነው ያቀበልከው» አልኩት አንዱን። ልጁ አንገቱን ቀና አደረገ። ናሆምን ደግሞ፣ «ያቺን ኳስ ስትይዝ አየሁህ፤ አስቀድመህ አንድ እርምጃ ወጥተህ ነበር» አልኩት። «አዎ» አለ፤ ከዚያ ወዲያው ወደ አባቱ አየ።

ጥቁር ልብሴ ያለውን ኃይል ያወቅኩት በዚያው ሰሞን ነው። ውሃ ላቀብል ብዬ አንዱ አባት አጠገብ ስቆም ሰውየው የጀመረውን ስድብ ዋጠው። ራቅ ስል ቀጠለ። ተመልሼ ስመጣ ዋጠው። ከል የለበሰች፣ ነጠላ የዘቀዘቀች ሴት ፊት መጮህ ነውር ነው፤ የቀጨኔ ሰው ሌላው ነገር ቢጠፋው ይህ አይጠፋውም። ስለዚህ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው መመላለስ ጀመርኩ። እኔ ባለሁበት ጸጥታ፣ ከኋላዬ ጩኸት፣ ከፊቴ ጩኸት። ልክ ጀልባ ውሃ ላይ እንደሚሄድ። ችግሩ ጀልባዋ ጉልበቷን ያማታል።

ከዚያ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን። ታምራት አባቶቹን ከኋላው አሰልፎ፣ አቶ ወልዴንም ለሽማግሌነት ይዞ ሜዳ ላይ ጠበቀኝ።

«እትዬ፣ በባለቤትዎ እናከብርዎታለን» ብሎ ጀመረ። እንዲህ ተብሎ የተጀመረ ነገር መጨረሻው አያምርም። «ግን ልጆቹን አሞላቀቋቸው። ማሞገስ ጎል አያገባም። ትንሽ ኩርኩም፣ ትንሽ ቁጣ ያስፈልጋል። እኛስ እንዴት አደግን?»

ዞር ብዬ አየኋቸው። በኩርኩም አድገው የደረሱበትን አየሁ።

«የሚቀጥለው ከላይ ሰፈር ጋር ነው። በእሱም ከተሸነፍን እኔ እይዘዋለሁ» አለ ታምራት።

አቶ ወልዴ ሁለታችንንም ላለማስቀየም መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ነገሩ ተገቢ ይመስላል፤ ይስማማሉ?» አሉኝ። አሜን እንዳልል ከንፈሬን ነከስኩ። «እሺ» አልኩ። ያው ነው።

ሰዎቹ ሲሄዱ ናሆም ከጎሉ ቋሚ ጀርባ ወጣ። ሁሉንም ሰምቷል።

«እትዬ፣ አባዬ ከያዘው እኔ አልመጣም።»

«ለምን? አባትህ እኮ ነው።»

«ቤትም እሱ፣ ሜዳም እሱ… አልችልም» አለና ጓንቱን አውልቆ ሄደ።

ያን ዕለት ማታ ራቴን አልበላሁም። ቡድኑ ከእጄ ቢወጣ ቅዳሜዬ ይሄዳል፤ እሱን እንደምንም እችለው ይሆናል። ያ ልጅ ግን ኳስ ይወዳል። ኳስ የሚወድ ልጅ አባቱን ፈርቶ ሲተው ዝም ብዬ ካየሁ፣ ባለቤቴ ያን ሁሉ ጭቃ የተሸከመው ለምን ነበር?

ሐሳቡ የመጣልኝ ከዚህ በኋላ ነው። ሐሳብ ብዬ የምጠራው አሁንም ሳላፍር አይደለም። የአባቶች ጩኸት ከልጆቹ ላይ ቢነሳ ልጆቹ እንደሚጫወቱ አውቃለሁ። እኔ ሁሉም አጠገብ ልቆም አልችልም። እንግዲያው ሁሉንም አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው፤ ያውም በእድሩ ድንኳን ሥር፣ በእድሩ አግዳሚ ወንበር ላይ። በዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ድምፁን ዝቅ ማድረግን መቀመጫው ራሱ ያስታውሰዋል። ስንት ዘመን በዚያ ላይ ተቀምጠው አንገት ደፍተዋል! እኔም በዚህ ላይ ጥቁሬን ለብሼ ምሰሶው ጋ ከቆምኩ፣ አለቀ።

አቶ ወልዴ አሻፈረኝ አሉ።

«ድንኳን ለኳስ? በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም! ለለቅሶ ነው፣ ቢበዛ ለሠርግ።»

«ክረምት ነው አቶ ወልዴ። አባቶች ቆመው በዝናብ ቢመቱና አንዱ የሳንባ ምች ይዞት ቢሞት፣ ያው ድንኳኑ መውጣቱ አይቀርም። አስቀድሞ ቢወጣ ምናለ?»

አቶ ወልዴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እሱስ…» አሉ፣ «ድካሙ አንድ ነው።»

በዕለተ ቅዳሜ ድንኳኑ ሜዳው ዳር ተተከለ። አንድ ነገር ግን ሳላስብበት ቀረሁ። ዕለቱ ወርኃዊው የመድኃኔ ዓለም ቀን ስለነበረ፣ የሰፈሩ ሰው ግማሹ ነጠላውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ስሞ በሜዳው ዳር ነበር የሚመለሰው።

አባቶቹ መጡ፣ ድንኳኑን አዩ፣ አግዳሚውን አዩ፣ ምሰሶው ጋ የቆምኩትን እኔን አዩ። አንዱ ሳያስበው ኮፍያውን አወለቀ። ተራ በተራ ገብተው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው መሃል አደረጉ። ታምራት አንዴ አፉን ከፈተ፣ ዞሮ አየኝ፣ ዘጋው። እኔም በልቤ እልል አልኩ። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ፤ ዳኛው፣ ከሰፈሩ ወጣቶች አንዱ፣ ፊሽካውን ነፋ።

የመጀመሪያው አጋማሽ ቁልቁል ነበር፤ እንዲያም ሆኖ አንድ ገባብን። ከድንኳኑ «እህህ» ከሚል ትንፋሽ በቀር ምንም አልተሰማም። ናሆም እንደ ልማዱ ወደ አባቱ አየ። አባቱ በአግዳሚው ላይ እንደ ቀባሪ ተቀምጧል። ልጁ ግራ ገባው። ቀጥሎ ስትመጣ የሚያየው ነገር ስላጣ ኳሷን አየ፤ ያዛትም። ሌላ መጣች፣ እሷንም ያዘ። በዕረፍቱ ሄጄ፣ «ሁለተኛዋን ስትይዝ ክርንህን መሬት አስነክተህ ነው የወደቅከው፤ ለዚህ ነው ያላፈተለከችህ» አልኩት። የሜዳው ጭቃ ፊቱ ላይ ነበር። ፈገግ አለ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ፣ ሽቅብ እያጠቃንም፣ የፊት ጥርሷ የወለቀችው ልጅ አገባች። አንድ ለአንድ። አቻ ከወጣን ቡድኑ የእኔ ነው። አባቶቹ ደስታቸውን በአፋቸው ማውጣት ስላልቻሉ እርስ በርሳቸው ጉልበት ጉልበታቸውን ጨበጡ።

ይህን ጊዜ ነው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሦስት ሴቶች ድንኳኑን ያዩት።

የእኛ አገር ሰው ድንኳን ካየ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ አስቀድሞ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይጠይቃል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገቡ። አባቶቹ ከልማድ ብድግ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ይህን ያየ ሌላ መንገደኛ ገባ። ከኋላው ሌላ። አንዲት ባልቴት ታምራት አጠገብ ተቀመጡና፣ «እግዜር ያጥናችሁ ልጆቼ። ማን ነው ያረፈው?» አሉ።

ታምራት በሚችለው ሹክሹክታ፣ «ማንም አልሞተም እማማ» አላቸው።

«አትሸሽገኝ ልጄ።»

«ኧረ ማንም አልሞተም! ኳስ ነው የምናየው።»

ባልቴቷ ከእግር እስከ ራሱ አዩት፣ አዩኝ፣ ተመልሰው አዩት። «ማንም ካልሞተ ይህን ያህል ወንድ ዝም ብሎ ምን ያስቀምጠዋል?» አሉ።

ታምራት ቦታ እንዲሰፋላቸው ፈቀቅ አለ።

የላይ ሰፈሩ አሠልጣኝ፣ ትምህርቱን በቅርቡ የጨረሰ ወጣት፣ የሰዉን ብዛት ሲያይ ደነገጠ። እየጮኸ ያሠለጥን የነበረው ወጣት ድምፁን ዋጠና እየሮጠ መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «አልሰማሁም ነበር እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ምን ልበለው? «አሜን» አልኩ። ዳኛውም ከመሃል ሜዳ ሆኖ አንገቱን ደፋ። ጨዋታው ግን አልቆመም፤ ልጆች ለማን ብለው ያቆማሉ?

ባልቴቷ ዓይናቸውን ሜዳው ላይ ሲያንከራትቱ ናሆምን አገኙት። ታችኛው ጎል ጥግ፣ ብቻውን፣ ጥቁር የበረኛ ሹራብ ለብሶ፣ በዝናብ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ጓንቱን የሚያጠብቅ ልጅ። ለዓይን ከዚህ የበለጠ ሐዘንተኛ የለም። «ውይ! ልጁ እሱ ነው! ብቻውን ትተውት!» ብለው ተነሡ። «እማማ!» አልኩ። አልሰሙኝም። አዛኝ ሰው መች ይሰማል? በሜዳው ጎን ሄደው ጎሉ ውስጥ ገቡ፤ ልጁን በነጠላቸው ጠቅልለው አቀፉት። «አይዞህ የኔ ልጅ! አባት ማጣት ክፉ ነው፣ አይዞህ!»

ልክ በዚያች ሰዓት የላይ ሰፈር ልጅ መታ። ኳሷ ከሁለቱም አጠገብ ቀስ ብላ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው፣ አልፋ ወደ ወንዙ ወረደች።

እኔ ሕጉን ባላውቅም ይህ ጎል መሆን እንደሌለበት አውቃለሁ። ዳኛው ዘንድ ሄድኩ።

«ሴትዮዋን አላየሃቸውም?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ አንገቴን ደፍቼ ነበር» አለ። «ቀና ስል ኳሷ ወንዙ ጋ ናት። ካላየሁ መሻር አልችልም።»

ወደ ድንኳኑ ዞርኩ። የአባቶቹን ፊት ያኔ ማየት ነበር! በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጮህ እውነተኛ ምክንያት አግኝተዋል። የአንገታቸው ሥር ተገትሯል፤ አንዱ ነጠላውን ነክሷል። ግን አግዳሚው ላይ ናቸው፣ ሴቶች ያለቅሳሉ፣ እኔ ቆሜያለሁ። ማንም አልጮኸም። ስድቡ በሆዳቸው ውስጥ እንደ ሽሮ ሲንተከተክ ይሰማኝ ነበር። ይህን ያህል ስድብ ከነሙቀቱ ሲታፈን ቀጨኔ አይታ አታውቅም።

ባልቴቷ ተመልሰው ታምራት አጠገብ ተቀመጡ። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«አየኸው ያን ልጅ?» አሉት። «ጓንቱን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ለእንዲህ ያለ ልጅ አባቱ እንዴት ያለ ደግ ሰው ነበር ይሆን! ሰው በከንቱ እንዲህ አያዝንም።»

የታምራትን ፊት ሳየው ማሽኑ ድንገት እንደጠፋበት ሰው ነበር። አንገቱን ደፋ፤ በዚያ ድንኳን ውስጥ ከልቡ የደፋ እሱ ብቻ ነበር።

ፊሽካው ተነፋ። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን።

ታምራት ተነሣና በዝናቡ ውስጥ ወደ ጎሉ መሄድ ጀመረ። ናሆም ሲመጣ አየው፤ ትከሻውን ሰብስቦ ጠበቀ። እኔም ከኋላ ተከተልኩ፤ ዛሬ እጁን ካነሳ ሐዘኔንም ልብሴንም እረሳለሁ ብዬ። ታምራት ልጁ ፊት ደርሶ ቆመ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ያ ሰው ለልጁ ደግ ቃል መናገር ፈልጎ ነበር፤ ቢፈልግ ቢፈልግ ግን በአፉ ውስጥ አንድም አላገኘም። አስቀድሞ አላስቀመጠማ! ከብዙ ጭንቅ በኋላ የሚያውቀውን አንዱን ለስላሳ ቃል አወጣ።

«እግዜር ያጥናህ» አለው።

ናሆም አባቱን አየ። ከዚያ ያደገበት ሰፈር አስተምሮታልና፣ ቀስ ብሎ፣ «አሜን» አለ።

ሌሎቹ አባቶች ይህን አይተው ተሰለፉ። ለተሸነፈ ልጅ ምን እንደሚባል እነሱም አያውቁም ነበር፤ አንዱ ካገኘው ይበቃል። ተራ በተራ የልጆቻቸውን እጅ እየያዙ፣ አንገታቸውን እየደፉ፣ «አይዞህ»፣ «አይዞሽ»፣ «እግዜር ያጥናችሁ» እያሉ አለፉ። የፊት ጥርሷ የወለቀችው ልጅ መጀመሪያ ተገርማ አየች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። አንዱ ልጅ ሲስቅ ሌላው ተከተለ። ባልቴቷ ከድንኳኑ ሆነው፣ «ሐዘን ሲበዛ ያስቃል፣ አትፍረዱባቸው» አሉ።

አቶ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ… እንደ ተባባልነው… ታምራት፣ ቡድኑን…»

«ቆይ ጋሽ ወልዴ» አለ ታምራት። ሹራቡ በዝናብ ርሷል። «እኔ ዝም ማለት ገና ዛሬ ነው የጀመርኩት። መጀመሪያ እሱን ልልመደው።»

እንዲህ ሆኖ ቡድኑ እኔ ዘንድ ቀረ። ሰውየው ተለወጠ ብላችሁ ግን አትቸኩሉ። እኔ አንድ ቅዳሜ ሰውን ይለውጣል ብዬ የማምን ሴት አይደለሁም። ድንኳኑን አቶ ወልዴ ወዲያው ቆልፈውበታል፤ ዕለቱን ሙሉ የማያውቁት ሰው ሁሉ ስለሌለ ሟች ሲጠይቃቸው ውሎ ነበርና። በሚቀጥለው ግጥሚያ አባቶቹ እንደ ድሮው ጠርዙ ላይ ቆሙ። ስድብ ተከልክሏል፣ ማሞገስ ተፈቅዷል፤ ስምምነታችን ይህ ነበር። ስለማሞገስ የሚያውቁት እኔ ስለ ብየዳ ከማውቀው አይበልጥም፤ ስለዚህ አብዛኞቹ ዝም ብለው ቆሙ። ናሆም መጥቷል፤ ጓንቱን አድርጎ ጎሉ ውስጥ ገብቷል። ለእኔ ይህ ይበቃኝ ነበር።

ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ከላይ አንድ ጠንካራ ኳስ መጣች። ናሆም አባቱን አላየም። ኳሷን አየ፤ አንድ እርምጃ ወጣ፣ ወደ ጎን ተወረወረ፣ አየር ላይ በሁለት እጁ ያዛት። እንዲህ ያለ አያያዝ በዚያ ሜዳ አይቼ አላውቅም። ታምራት አላስቻለውም። ሰባ ብረት በአንድ ጊዜ የሚቆረጥ በሚመስል ድምፅ፣ «ናሆም! ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ!» ብሎ አንባረቀ።

ልጁ በዚያ ድምፅ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ደንግጦ ዘለለ። ኳሷ ከእጁ አፈተለከች፤ መስመሩን አልፋ ገባች፤ ቁልቁል ወደ ወንዙ መንከባለል ጀመረች።

ታምራት እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ። ናሆም አባቱን አየ። ኳሷን አየ። እንደገና አባቱን አየ። ከዚያ ሆዱን ይዞ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው እየሳቀ፣ ኳሷን ለማምጣት ቁልቁለቱን ወረደ።